ንፍሮ የለመደ ቤት

ጥርሱን ሲያመው ቅርንፉድ ነክሶ፣ ትንሽ ሲተወው «ድኛለሁ» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? ቢቸና ያሉት አባቴ እንዲያ ናቸው። መንጋጋቸው ተቦርቡሮ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር ያቃስታሉ፤ ሐኪም ግን አያዩም። በዚያች ቀዳዳ የተነሳ እናቴ ቆሎ መቁላት ትታ ቤቱን ሁሉ ንፍሮ አስለመደችው።

ዘንድሮ ለምኜ ሞጣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ «አባባ፣ ቀዝቃዛ ሲጠዘጥዝዎ ወዲያው ነበር መምጣት፤ ደግነቱ ነርቩ ጋ አልደረሰም» ብላ ቀዳዳዋን ሞላችላቸው።

በማግስቱ ቆሎ አስቆሉ። ደጀን ድረስ የሚሰማ እስኪመስል ቆረጠሙት።

«አንቺስ አትበዪም?» አሏት እናቴን።

«እኔስ ንፍሮው ይሻለኛል» አለች፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ።

አባቴ የደገፈችውን ጉንጯን አዩት። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ያለውን እንኳ ሳይውጡ ከዘራቸውን አነሱ።

«ተነሺ፣ ሞጣ ልንሄድ ነው!»