ሊቀ ገላጋያን አድማሴ

ጥይት ሲጮህ አስተዋይ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል። በየአገሩ ግን ወደ ጩኸቱ የሚሮጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ከኮሶዬ በታች ባለችው መንደር ይህ ሰው የወይዘሮ ሽታዬ ባል ነበር፤ ማንም ያልሾመው፣ ደመወዝም ያልቆረጠለት ሊቀ ገላጋያን አድማሴ።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጠመንጃ የሌለው ቤት አልነበረም። ሰው በድንበርም በግጦሽም ይታኮሳል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር አያ አድማሴ በሬውን ከነቀንበሩ ጥሎ፣ ነጠላውን በዱላ ጫፍ ሰቅሎ ይወርዳል። መካከል ገብቶም፣ "ቆይ አንዴ! ሴቱና ሕፃኑ ይለፍ፣ ከዚያ እንደ ፍጥርጥራችሁ!" ይላል። ሴት ባለበት መተኮስ ነውር ነውና ወንዶቹ እያጉረመረሙ አፈሙዝ ይመልሳሉ። ሴቱ አልፎ አሮጊቶች፣ አሮጊቶች አልፈው ላሞች ሲያልፉ ይመሻል። ብዙው ጠብ እዚያው ይበርዳል።

በሬውን የምትፈታው ግን ሽታዬ ናት። "ባልሽ የት ሄደ?" ሲሏት መልሷ አንድ ነበር።

"እሱ ሥራ ፈት! የት ይሄዳል!"

አንድ ጊዜማ ወደ ትክል ድንጋይ የሚወርዱ ሠርገኞች ለደስታ ሲተኩሱ ሰምቶ ደረሰ። ሙሽሪትን ከበቅሎ አውርዶ ከድንጋይ ካብ ጀርባ አስቀመጣት። ሙሽራው "ኧረ አያ፣ ሚስቴ ናት!" ቢል፣ "እሱን ሽማግሌ ያየዋል፤ መጀመሪያ ሴቷ ትለፍ" አለው። ሽታዬ ያን ሰሞን ገበያ መውጣት አፈረች።

በዚያው ዓመት ክንዱ የሚባለው የሽታዬ ታናሽ ወንድም በማዶ መንደር ሰው እጅ ተገደለ። ሽታዬ ፀጉሯን ተላጨች፤ ፊቷን ነጨች። በሦስተኛው ቀን ዳኛው የሚባለው ሌላው ወንድሟ ዘመድ አስከትሎ የገዳዩን ቤት ከበበ። ገዳዩ ሸሽቷል። የቀሩት ሚስቱ እናኑ፣ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹና መራመድ የማትችል እናቱ ነበሩ።

ተኩሱ ሲሰማ አድማሴ ነጠላውን አነሳ። ሽታዬ በሩ ላይ ቆመች።

"ምነው አንቱ ሰው? የወንድሜ ደም ሳይደርቅ?"

"እኔም አልቅሼለታለሁ፣ ሽታዬ። ልጆቹ ግን አልገደሉትም።"

"እንደ ወጡ ይቅሩ!" አለችው።

ወጣ። ተኩሱ ጥቂት ቆይቶ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ከተኩሱ ባሰባት። ምላሷን ረገመች።

እናኑ ልጆቿን እየጎተተች በጓሮ በኩል ደረሰች። "እዚህ ግቡ ያሉን አያ ናቸው። አሮጊቷን ሊያመጡ ተመለሱ" አለች። ሽታዬ ከልቧ ጠላቻት። ትንሹ ልጅ ግን፣ ክንዱ በልጅነቱ ያደርግ እንደነበረው፣ ጣቱን ይጠባ ነበር። አስገባቻቸው።

ወዲያው ዳኛው ምንሽሩን ይዞ ከነዘመዶቹ ደጁን ሞላው። "ባልሽ ወንዶቹን ልጆች በሴቱ መሀል አሳልፎብናል። አውጪልኝ! የክንዱ ደም ከንቱ አይቀርም።"

"ቆይ አንዴ!" አለች ሽታዬ። ድምፁ ከየት እንደ መጣ እሷም አላወቀችም። የሐዘን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የበሩ ደፍ ላይ ዘረጋችው። "ክንዱን ያለቀስሁበት ነጠላ ነው። ረግጠኸው እለፍና ልጆቹን ግደል።"

ዳኛው ነጠላውን ብዙ አየው። እግሩን ሳያነሳ ምንሽሩን ተደግፎ አለቀሰ።

"ያ ባልሽ ነው ያበላሸሽ" አለ በመጨረሻ። "የታለስ እሱ?"

ሽታዬ ወደ ዳገቱ አየች። አንድ ሰው አሮጊት አዝሎ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፈ ይወጣል። ነጠላውን አሮጊቷ ለብሳዋለች።

"ያውልህ" አለች እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "ሥራ ላይ ናቸው።"