የጎደሉት መቶ ስድሳ ነጥቦች

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ይህን የተረዳ መሥሪያ ቤት ብፁዕ ነው። ይህ ታሪክ የሚነገርለት መሥሪያ ቤት ግን ከመረዳትም አልፎ ሄዷል፦ እንዳያፈስ ሲል ጭራሹን አያነሳም።

ሥራው ሰነድ ማረጋገጥ ነው። ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ወረቀቱ ወረቀት መሆኑ በማኅተም ይመሰከርለታል፣ አመስግኖ ይሄዳል። የባለጉዳዮች አዳራሽ የሚባለው ክፍል ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አምስት ነው። አራት አግዳሚ ወንበሮች፣ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት በርጩማ አሉ። በርጩማዋ ላይ ተራ ጠሪዋ ትቀመጣለች።

ተራ ጠሪዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀን እስከ መቶ ሰማንያ ቁጥር ስትጠራ ኖራለች፤ እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለሚሰማው፣ አንዴ ለሚያንቀላፋው። በሃያኛው ዓመት ዋዜማ ጉሮሮዋ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይል ጀመር። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ በባትሪ አየና እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ ድምፅዎን ያሳርፉት። አለዚያ ራሱ ያርፋል። ካረፈ ደግሞ አይነሳም።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ ዕረፍት ነው። ለእሷ ግን ቤት ውስጥ እናት አሉ። እናት ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸውን የሚያዩዋት በድምፅዋ ነው። «ደህና አመሸሽ እማዬ» ስትል «አሁን አየሁሽ» ይላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው «ዛሬ መልክሽ ደብዘዝ ብሏል ልጄ፤ ምን አገኘሽ?» ማለት አብዝተው ነበር። እሷም ምሽት ምሽት ከጸሎቷ በኋላ «ይህችን ድምፅ አትውሰድብኝ፤ ሌላ መልክ የለኝም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨምር ጀመር።

ፈጣሪን ከለመነች በኋላ፣ በቅደም ተከተሉ መሠረት፣ መሥሪያ ቤቱን ለመነች። በግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጻፈች፦ የተራ ቁጥር የምታሳይ አንዲት ቴሌቪዥን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ያገለገለችም ብትሆን፣ ግድግዳው ላይ ትሰቀልልኝ።

«ትንሽም ብትሆን» የምትለው ሐረግ የመሥሪያ ቤቱን ክብር ነካች። ኃላፊው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አንብበው «መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ነገር ገዝቶ አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ትንሽነትን የሚያውቀው ሲሠራ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰባት አባላት ያሉት «የምስል ጥራት አጥኚ፣ መርማሪና ውሳኔ አፍላቂ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትል ኃላፊው ሆኑ። ኦዲተሩ ጸሐፊ ሆነ። ሰባተኛው አባል የኮምፒውተር ጠጋኙ ነበር፤ መላጣ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ከሰባቱም ነገሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ። በዚህም ምክንያት ድምፅ የመስጠት መብት ተነፈገ። የሚያውቅ ሰው ድምፅ ከሰጠ በሌሎቹ ላይ አድልዎ ይሆናል ተባለ።

ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ክፍልና የተራ ጠሪዋን በርጩማ የሚለያቸው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ስለዚህ በቁጥርና በቁጥር መካከል ሁሉንም ትሰማለች።

«ባለ አንድ ሺህ ሰማንያ አለ፤ ባለ አራት ኬ አለ» አለ ጠጋኙ በመጀመሪያው ስብሰባ።

«የቱ ይበልጣል?» አሉ ሰብሳቢው።

«አራት ኬ።»

ኦዲተሩ ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኔ በቁጥር ስተዳደር ሠላሳ ዓመቴ ነው። አንድ ሺህ ሰማንያ እያለ አራት ይበልጣል ብለህ ነው የምትሰብከን?»

«ኬ ማለት ሺህ ነው ጌታዬ። አራት ሺህ ለማለት ነው።»

«ታዲያ ያኛው ለምን አንድ ኬ አልተባለም?»

«ያኛው የተጠራው በቁመቱ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ባሉት የነጥብ ረድፎች። ይኸኛው ደግሞ በወርዱ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «አንዱን ሰው በቁመቱ፣ ሌላውን በውፍረቱ ለክቶ ማወዳደር? ይህ ነገር ውስጡ ተንኮል አለበት፤ ይጠና!»

ጠጋኙ ትዕግሥቱን ሰብስቦ አስረዳ። «ምስሉ የሚሠራው በጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። ነጥቡ ሲበዛ ምስሉ ይጠራል። ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ዓይን ግን ልዩነቱ አይታይም። እኛ ደግሞ የምናሳየው አንድ ቁጥር ነው። ለአንድ ቁጥር ባለ ሰባት መቶ ሃያዋም ትተርፋለች፤ እቃ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጌ አለች፣ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት…»

ቃለ ጉባኤው ላይ «አባሉ የዝቅተኝነት ዝንባሌ የተንጸባረቀበት አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ሰፈረ።

«መቶ አሥራ ሰባት!» አለች ተራ ጠሪዋ ከግድግዳው ወዲያ።

ሰብሳቢው ኮምፔርሳቶውን በጣታቸው ቆረቆሩ። «እትዬ! እርስዎ እንዳይጮኹ ብለን እኮ ነው የተሰበሰብነው። እባክዎ ቀስ ብለው ይጩኹ።»

«እሺ ጌታዬ» አለችና ቀስ ብላ ጮኸች። ባለ መቶ አሥራ ሰባቱ ሰውዬም ሳይሰሙ ቢሮው እስኪዘጋ በጨዋነት ተቀምጠው ዋሉ።

በሦስተኛው ስብሰባ ታላቁ ግኝት ተገኘ። ኦዲተሩ የዕቃውን መግለጫ ሲመረምር አራት ኬ የተባለው ቴሌቪዥን ወርዱ አራት ሺህ ነጥብ እንዳልሆነ ደረሰበት።

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ!» አለ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «መቶ ስድሳ ነጥብ የት ገባ?»

«እንዲያው ሲያጠጋጉት ነው ጌታዬ፤ በመላው ዓለም እንደዚያ ነው የሚጠራው» አለ ጠጋኙ።

«በመላው ዓለም ተሰርቋላ!»

የጎደሉት መቶ ስድሳ ነጥቦች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተሟልተው እንዲላኩ፣ አለዚያ ጉዳዩ ወደሚመለከተው አካል እንደሚሄድ ቴሌቪዥኑን ለሚሸጠው ሱቅ ባለቤት በማኅተም ተጻፈ። ባለ ሱቁ ብዙ ደንበኛ ያየ ሰው ነበር። «ካላመናችሁ ቁጠሩት» ብሎ አንዱን ለናሙና ላከላቸው።

ቆጠሩት። ማለት፣ ጀመሩት። ኦዲተሩ በማጉያ መነጽር እየቆጠረ፣ ሁለት አባላት እየመዘገቡ፣ ሰብሳቢው እየተቆጣጠሩ። ጠጋኙ ከዳር ሆኖ በወረቀት አሰላላቸው። «ጠቅላላው ስምንት ሚሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሺህ አራት መቶ ነጥብ ነው። በሰከንድ አንድ ብትቆጥሩ፣ ሳትበሉ ሳትተኙ፣ ዘጠና ስድስት ቀን ይፈጃል።»

«እኛ የምንቆጥረው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው» አሉ ሰብሳቢው በኩራት። «መመሪያ አንጥስም።»

በስምንተኛው ቀን፣ አርባ ሁለት ሺህ ላይ፣ ኦዲተሩ አስነጠሰው። ራሱን ቀና ሲያደርግ የት ላይ እንደነበረ ጠፋው። አንዱ መዝጋቢ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ጠቆመ። የዚያን ዕለት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሐዘን ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ ግን ቁጥሩ ሳይምታታ ቀጥሏል። ተራ ጠሪዋ ሙቅ ውኃ በፔርሙዝ ይዛ እየመጣች፣ በየአሥሩ ቁጥር አንዴ እየተጎነጨች፣ አራት ወር ጠበቀች። ጉሮሮዋ ጊዜ እንደሌለው አለማወቋ አይደለም፤ ኮሚቴ ሲያጠና ጉሮሮም ይጠብቅ እንደሆነ ለመጠየቅ አፍራ ነው።

መጨረሻ ላይ ባለ ሱቁ ራሱ መላ አመጣ። «ነጥብ ከጎደለባችሁ ስምንት ኬ ውሰዱ» አለ። ኦዲተሩ ወዲያው ደመረና ቀነሰ፤ ስምንት ሺህ የተባለው ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። «ጉድለቱ ሦስት መቶ ሃያ ገባ! እጥፍ ሆነ!»

ሰብሳቢው ግን ተነሥተው ታሪካዊ ንግግር አደረጉ። «ጓዶች፣ የትልቅ ነገር ጉድለቱም ትልቅ ነው። ከትንሽ ምሉዕነት ትልቅ ጉድለት ይሻለናል።» ተጨበጨበ። ሰማንያ አምስት ኢንች፣ ስምንት ኬ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጠጋኙ ድምፅ ስላልነበረው ሙሉነቱን የሚያጎድል አልተገኘም።

ቴሌቪዥኑ በመጣ ዕለት በበሩ አልገባ አለ። መቃኑ ተነቀለለት። ግድግዳው አልበቃው ሲል ሰዓቱና የቅሬታ ማቅረቢያ ሳጥኑ ተነሡለት፤ ሳጥኑ እቃ ቤት ገብቶ አሮጌዋ ቴሌቪዥን ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው ስለ ጥራት ምዕራፍ ተናግረው ቁልፉን ተጫኑ። ሰማያዊ ባሕር ቦግ አለ። በባሕሩ ውስጥ ቢጫና ቀይ ዓሦች ይንሳፈፋሉ። ሱቅ ውስጥ ለገዢ ማማለያ የሚታየው ፊልም ነበር፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ።

«ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል እኮ!» አለ ኦዲተሩ።

«ኧረ በፈጠረህ እንዳትጀምር» አለ ጠጋኙ።

ተራ ጠሪዋ ከበርጩማዋ ተነሣች። በተረፈቻት ድምፅ «ቁጥሩስ?» አለች።

ሁሉም ወደ ጠጋኙ ዞሩ። «ከመስኮቱ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ የለም» አለ። «አምስት ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ።»

«ድምፅ የለህማ!» አሉ ሰብሳቢው። «ገመድ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ለጊዜው ሕዝቡ በጥራቱ ይደሰት።»

የሕዝቡ ደስታም በአግባቡ እንዲሆን ርቀት ተወሰነለት። ጠጋኙ ነጥቡ የበዛ ምስል ቀረብ ቢሉም እንደማይጎዳ ቢናገር፣ ሰብሳቢው «ታላቅ ሰውን አፍንጫው ሥር ቆመህ ታያለህ?» ብለው ዘጉት። አራቱም አግዳሚዎች ወደ ግቢ ወጡ፤ ከቴሌቪዥኑ ሃያ እርምጃ፣ ፀሐይ ላይ። ከዚያ ሆኖ በተነቀለው በር በኩል የአንድ ቢጫ ዓሣ ጭራ ይታያል።

ለተራ ጠሪዋም ደብዳቤ ደረሳት፦ «የድምፅ ችግርዎን ለመቅረፍ ዘመናዊ ቴሌቪዥን የተገዛ በመሆኑ፣ ገመዱ ተጠንቶ እስኪገዛ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ወደ ግቢው ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ እንዲጠሩ እናሳስባለን።»

ጠራች። ቀድሞ ለስድስት እርምጃ የነበረው ጩኸት ለሃያ እርምጃ ሆነ። በሦስተኛው ቀን «አርባ…» ብላ ቀረች። ባለ አርባ ሦስትም ባለ አርባ አራትም እኩል ተነሡ።

ያን ምሽት ቤቷ ገብታ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እናቷ ቀና አሉ።

«ማነው?»

እንደገና ሞከረች።

«ማነህ የገባኸው? ልጄ አሁን ትመጣለች፤ ሰው አለኝ!» አሉ እናት ወደ ግድግዳው እየሸሹ። ተንበርክካ እጃቸውን ያዘችና ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጉንጩ እርጥብ ነበር። እናት ጣታቸውን ቀስ አድርገው እስከ ቅንድቧ ድረስ ወሰዱት። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ። «መልክሽን ማን አጠፋብኝ?»

ሐኪሙ ሁለት ወር ፍጹም ዝምታ አዘዘ። «አንዲት ቃል ብትወጣ ኃላፊነቱን አልወስድም።» ኃላፊነት የማይወስድ ሰው አዲስ አልሆነባትም።

ማለዳ ቢሮ ስትገባ የታላቁ ቴሌቪዥን ካርቶን ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ በር የሚያህል፣ ውስጡ ነጭ። ተራ ጠሪዋ እያየችው ብዙ ቆየች። ከዚያ ከጠጋኙ መቀስና ጥቁር ማርከር በምልክት ጠየቀች። እሱም ገብቶት አብሯት ቆረጠ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ እያንዳንዱን በሦስት ቅጂ፣ አንዱን አኃዝ ክንድ በሚያህል ቁመት ጻፉ። በሩ ላይ ቆማ 1 አነሣች። ግቢው ጥግ የነበሩት ሽማግሌ ያለ መነጽር አነበቡትና መጡ። የሚያንቀላፋውን ጎረቤቱ በክርኑ ይነካዋል። እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድም ሰው ተራው አላለፈበትም፤ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ቀን አልተመዘገበም።

ሰብሳቢው ከጥቂት ቀን በኋላ ለጉብኝት መጡ። ጸጥታ፣ ሥርዓት፣ ሕዝቡ አንድ በአንድ ይገባል። ደስ አላቸው። ኦዲተሩን «ጻፍ» አሉት። «ቴሌቪዥኑ ከተገዛ ወዲህ ተራ ጠሪዋ አንድም ቀን ስትጮህ አልተሰማችም። ዓላማው መቶ በመቶ ተሳክቷል።» ከዚያ ካርቶኑን አዩት። ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥራቱ ደህና ነው» አሉ። «ለመሆኑ ይህ ስንት ኬ ነው?»

ኦዲተሩ ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ተራ ጠሪዋ በእጇ የነበሩትን ካርቶኖች ወደ ጎን አደረገችና ከሁሉም ሥር የነበረውን፣ ማንም ፊት አንሥታ የማታውቀውን አነሣች። በክንድ ቁመት «ተራዎን ይጠብቁ» ይላል።

ግቢው ሳቀ። ሰብሳቢው ግራ ቀኝ አዩና፣ ሌላ የሚያደርጉት ስለጠፋቸው፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባለ መቶ አሥራ ሰባቱ ሰውዬ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። «አይዞዎት፤ ይለመዳል» አሏቸው።

ሁለቱ ወር ሲሞላ ተራ ጠሪዋ በሯን ከፍታ ገባች፣ ትንሽ ቆመች፣ ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች።

«ደህና አመሸሽ እማዬ።»

የእናት ፊት ሁሉ ፈካ። «አሁን አየሁሽ» አሉ። «ያውም ጥርት ብለሽ።» እጇን ይዘው አስቀመጧትና የሁለት ወሩን ሁሉ አስወሯት፤ ስለ ካርቶኑ ስትነግራቸው ሳቁ፣ ስለ ዓሦቹ ስትነግራቸው ግን አሳዘኗቸው።

«ቅርፊታቸው ሳይቀር ይታያል አልሽ?»

«አንድ በአንድ እማዬ።»

«ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው?»

«እዚያው ናቸው።»

«ምስኪኖች! ተራቸው መቼ ይደርሳል?»

«ገመዱ ሲገዛ» አለች ተራ ጠሪዋ።