ሙቅ ገንዳ ውስጥ የተገባ ቃል

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት እንኳ የሚፈራ ተማሪ፣ አሥራ አራት ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩ ሰው ላይ ብዕር ማንሣቱ ከአቅም በላይ መንጠራራት መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ የጻፍኩት ንዴቴ ከፍርሃቴ ስለበለጠ ነው።

በየአገሩ ልጥላው ቢሉት የማይጠላ በዳይ አለ። ስምህን ያስታውሳል፤ የእናትህን ጤና ይጠይቃል፤ የለመንከውን ግን አያደርግም። የእኛ የአይስላንዳውያኑ ክቡር ሂያልቲ ናቸው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ወደ መንደራችን መዋኛ ይመጡና ሙቁ ገንዳ ውስጥ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እስከ አንገታቸው ይዘፈቃሉ። እዚያ ማዕረግ የለም፤ ሁሉም በስሙ ይጠራል። እኛም የአገር መሪ በመዋኛ ቁምጣ አጠገባችን ተቀምጦ አይዋሽም ብለን እናምናለን። ስሕተታችን ይኸው ነው፤ ገንዳ ውስጥ ወረቀት ይዞ የሚገባ የለምና።

መንደራችን ከገደላማ ተራራ ሥር ናት። በየክረምቱ በረዶው ሊናድ ሲል ቤታችንን ጥለን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንጠለላለን። ናዳውን የሚያቆም ግንብ እንዲሠራልን በጠየቅን ቁጥር ክቡርነታቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያኖሩና «በልቤ ይዤዋለሁ» ይሉ ነበር። አራት ምርጫ ሙሉ በልባቸው ያዙት።

ባለፈው ክረምት ናዳው የአክስቴን የስቴይኑንን ጋጣ ከነበጎቿ ጠርጎ፣ ከቤቷ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመ። በዚያው ወር ክቡርነታቸው የአንድ ዓለም አቀፍ የአደጋ መከላከያ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። በመጀመሪያ ንግግራቸውም መንግሥታት ቃላቸውን እንዲያከብሩ አጥብቀው አሳሰቡ።

አዲሱ መንግሥት ደግሞ «ግንቡን ለመሥራት ቃል ስለመገባቱ ማስረጃ አምጡ» አለን። ስለዚህ ባለፈው ወር ክቡርነታቸው ለዕረፍት ሲመጡ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከአክስቴ ጋር ገንዳው ውስጥ ገባሁ።

«ሂያልቲ፣ ቃል መግባትህን ብቻ ፈርምልን» አለች አክስቴ።

አነበቡት። እጃቸው ወደ ደረታቸው ወጣ። «ስቴይኑንዬ፣ አሁን እኮ የዓለም ሠራተኛ ነኝ፤ ለአንድ አገር ማድላት አይፈቀድልኝም። ግን በልቤ...»

«ቁመቱ ስንት ሜትር ነው?»

«የምኑ?»

«የልብህ! በረዶ ያቆማል?»

ገንዳው በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እሳቸው ናቸው። «አንቺን ነበር ጠቅላይ ሚኒስትር ማድረግ!»

«ብሆንማ ግንቡን ተደግፌ ነበር የማዋራህ።»

አልፈረሙም። ደረጃው ያዳልጣል ብለው ግን ክንዷን ደግፈው አወጧት፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት፤ የሞተባትን አውራ በግ ስም እንኳ ሳይሳሳቱ ጠርተው አጽናኗት። ወደ እኔም ዞር ብለው «ፈተናህ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ደህና ነው፤ አመሰግናለሁ» አልኩ። እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ክቡር ሂያልቲ ሽልማትም ስድብም አይገባቸውም። የሚገባቸው መጪውን ክረምት በአክስቴ ቤት፣ በተራራው በኩል ባለው ክፍል ማሳለፍ ነው።