ሰውየውን አሳጥሪው

ጥበብ ለመሥሪያ ቤት የምትገለጠው በአለቃ በኩል ነው። ለእኛ ለሕንፃ ነዳፊዎቹም አለቃችን ከአንድ ታላቅ ስብሰባ በተመለሱ ማግስት ተገለጠችልን። ሰብስበውን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እጅ ያስባል!» አሉ። አጨበጨብን። ጭንቅላታችን ከዚህ ከባድ ኃላፊነት በመገላገሉ ደስ ብሎን ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «በነጻ እጅ መሳል ያልተማረ ኮምፒውተር አይነካም። ማስመሪያ ክልክል ነው። ፈተናውን ያለፈ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፣ የወደቀ መዝገብ ቤት ይወርዳል።»

መዝገብ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። ወደዚያ ወርዶ የተመለሰ ባለሙያ አይተን አናውቅም።

አሠልጣኙም ራሳቸው ሆኑ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቦርዱ ላይ ያሰመሩት መስመር ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ቢመስልም «ነጻነት ማለት ይኼ ነው» አሉን። መመዘኛው ሲወጣም አንደኛ ተራ ላይ «የመስመር መንቀጥቀጥ» የሚል ሰፈረ። አርቆ አሳቢነት ይሏል ይኼን ነው!

እኛም አልሰነፍንም። በኮምፒውተር የሠራነውን አትመን መስታወት ላይ እየለጠፍን፣ በላዩ ሌላ ወረቀት ደርበን እየገለበጥን፣ እጃችንን አንቀጠቀጥን። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ክርኔን እየገፋ ያንቀጠቅጠኛል፣ እኔም ውለታውን እመልሳለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የጥበበኛ ሥራ እንዲመስልም ወረቀቱ ላይ ሻይ ጠብ እናደርግበታለን።

ያሳፈረችን አንዲት ነዳፊ ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ስለምትሰካ «እርሳሴ» እንላታለን። በምሳ ሰዓት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች፣ ትስላለች፣ ትቀድዳለች፣ እንደገና ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን የሳለችው በር የተኛች ላም ይመስል ነበር። እያደር ግን መስመሯ ቀጥ አለ።

«ምን ያደክምሻል? መስታወት ላይ ለጥፊና ተገላገዪ እንጂ» አልኳት።

«ዓይኔ መቼ ይማራል ታዲያ? እዚያ ጉድጓድ ካወረዱኝ ሙያዬ አበቃ፤ ሠርቼ ነው የማልፈው።»

ዓይን! አለቃ እጅ እያሉ እሷ ዓይን! አዘንኩላት።

የፈተናው ቀን አለቃችን ራሳቸው የነደፉትን፣ ገና ሊሠራ ያለውን የአዲሱን መሥሪያ ቤታችንን ደረጃ እንድንስል ታዘዝን። የእኛ ሥራ ሁሉ ተንቀጠቀጠና አለፈ። የእርሳሴ ተራ ሲደርስ አለቃችን የሚመሩት የፈተና ኮሚቴ ፊቱን አጠቆረ።

«ይኼ መስመር ቀጥ ብሏል። ማስመሪያ አለበት።»

«በእጄ ነው የሠራሁት።»

«ነጻ እጅ እንዲህ አይታዘዝም! ይኼ ሰውዬስ ማነው?»

«ደረጃውን የሚወጣ ሰው ነው። መጠኑ እንዲታይ ብዬ ነው።»

«ጭንቅላቱስ የት ገባ?»

«ቢሙ ውስጥ። ጋሼ፣ ጣሪያውን ተሸክሞ በደረጃው ላይ አግድም የሚያልፈው ቢም በጣም ወርዷል። የሚወጣውን ሰው ሁሉ ግንባሩን ይለዋል።»

አለቃችን ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። ትልቅ ሰው ናቸውና ችግሩን ወዲያው አገኙት።

«ሰውየው ረዝሟል።»

«ረዝሟል!» አለ ኮሚቴው ባንድ ድምፅ።

«አሳጥሪው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎን ቁመት እኮ ነው የሳልኩት።»

ምናለ ይኼን እንኳ ብትውጠው! «እንግዲያው አጥፊው! ደረጃው ያለ ሰው ምን ይጎድልበታል?» ብለው ላጲስ ዘረጉላት።

«ደረጃውን ያስተካክሉት እንጂ ሰውየው ምን አጠፋ?»

ላጲሱን ሳትነካ መዝገብ ቤት ወረደች። እኔ ግን በመንቀጥቀጥ አንደኛ ወጥቼ ስለነበር ሄጄ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ።

ሕንፃው አለቀ። በምረቃው ቀን አለቃችን ከፊት ሆነው ደረጃውን ሲወጡ ቢሙ ሥር ጎንበስ አሉ። እንግዶቹም እያዩ ተከትለው ጎንበስ አሉ።

«ምነው ጎንበስ ያሰኛል?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ትሕትናን ታሳቢ ያደረገ ንድፍ ነው» አሉ አለቃችን። እንግዶቹ እንዳጎነበሱ አጨበጨቡ።

አዲሱ መዝገብ ቤት ከመንገዱ እኩል ነው። ለመዝገብ ቤት ማን ይጨነቃል ተብሎ ጥበበኛ እጅ ስላልነካው መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ሆኖ ወጣ። ትናንት ግንባሬን ቢሙ አሳብጦት በዚያ ሳልፍ እርሳሴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትስላለች።

«ግባ እንጂ!»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

«ቀና በል፣ እዚህ ምንም አይመታህም» አለችና ሳቀች።

ልማድ ሆኖብኝ እንዳጎነበስኩ ወረቀቷን አየሁ። ያው ደረጃ፣ ያው ቢም። ሰውየው ግን ዛሬ ወገቡን አጥፎ ከቢሙ ሥር ልክክ ብሏል። ፊቱ የእኔ ነው።

«አሳጥሪው ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ። «ይኸው፣ አጠረ።»