ምንም ያልተደረገለት አበባ

በዚህ ዓለም ላይ ምንም ሳያደርጉ ሁሉ ነገር የሚሳካላቸው ሰዎች አሉ። በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ ተመድቧል። ለልብስ ሰፊው የደረሱት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ናቸው። በሆዱ «ክብርት የአበባ ሚኒስትር» ይላቸዋል፤ በአፉ ግን «እትዬ» ነው።

ክብርት ሚኒስትር አንድ አበባ አላቸው። አገዳው ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ አበባ ይንዠረገጋል፣ ብርድም ድርቅም አይበግረውም። ወቅቱ ሲያልፍ ከመሬት እኩል ይቆርጡታል፤ በዓመቱ የተቆረጠው ሌላ ይመስል ከዚያው ሥር ተነሥቶ አጥሩን ያልፋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቃል። ሴትዮዋም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ «ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁለትም!» ይላሉ።

የልብስ ሰፊውን አንጀት የምታሳርረው ይህቺው «ምንም አላደረግሁለትም» ናት። ለፍቼ ነው ቢሉ ይቅር ባላቸው ነበር። ፍግ ሲያለብሱ፣ ሲኮተኩቱ፣ አገዳው በነፋስ እንዳይሰበር በእንጨት ደግፈው ሲያስሩ በዓይኑ በብረቱ አይቷቸዋል። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ለብርሃን ብቻ አይደለም።

ካቻምና ሴትዮዋ የአበባውን ሥር በአካፋ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በአጥሩ ላይ አቀበሉት።

«እንካ ወንድሜ፣ ትከለውና እርሳው። መጀመሪያ ሥሩን ነው የሚያበጀው፤ አበባው በሦስተኛው ዓመት ይመጣል።»

መትከሉን ተከለ። መርሳቱ አልሆነለትም። በየሳምንቱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካዋል፤ ከጉልበቱ አላለፈም። ልቡ ሲጠራጠር ደግሞ ሥር ይዞ እንደሆነ ነቅሎ ያያል፤ አይቶ መልሶ ይቀብረዋል።

«የተሻለውን ግማሽ ለራሳቸው አስቀርተው ነው» አለ ለሚስቱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ መሰለህ እንዴ? ልክ አልመጣም እያልክ በየሳምንቱ የምትፈታው!»

የሚስቱ ሳቅ ከጎረቤቱ አበባ የባሰ አቃጠለው። ዘንድሮ አበባዬ የእሳቸውን ካልበለጠ እኔ ሰው አይደለሁም ብሎ ማለ።

በዚሁ ዓመት ታዲያ የክብርት ሚኒስትር ልጅ ወለደችና ሊያግዟት ሌላ ከተማ ሄዱ። ሲሰናበቱት፣ «አበባውን ብለህ እንዳትደክም፤ እሱ ምንም አይፈልግም» አሉት። ልብስ ሰፊው ይህቺን ውሸት አሳምሮ ያውቃታል። ቢደርቅ ደግሞ በቅናት ገደለው መባሉ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የውኃ ጎማውን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ማጠጣት ጀመረ። ቀጥሎ ኮተኮተ። ነፋሱ ሲበረታ እንጨት ተከለለት፣ በልብስ ቁራጭም አሰረው። የደንበኛ ቀሚስ እያዘገየ፣ የሰው አበባ እያስታመመ፣ የራሱን ረሳው። ሦስት ወር ሙሉ አልነቀለው፣ አልለካው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሚስቱ ከጓሮ ተጣራች። ሄዶ ቢያይ የራሱ አበባ አጥሩን አልፎ፣ ሐምራዊ ጫፉን ዘርግቶ ቆሟል። ልብስ ሰፊው በደስታ እንደ ሕፃን ዘለለ። ከዚያ የማን ዓይን እንደቀላ ለማየት ወደ ማዶ ዞረ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። አንድ መንገደኛ ቆሞ «ሲያምር!» ቢለው፣ «ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁለትም» ብሎ ሞከራት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አለፈ። ሦስት ዓመት የተመኛት ቃል አፉ ላይ ምንም አልጣመችውም።

ከሰዓት በኋላ የሴትዮዋን አበባ እያጠጣ ስልክ ደወለላቸው።

«እትዬ፣ አበባዎ ሊሞት ነው። ቶሎ ይምጡ።»



«አንተ ውሸታም! ውኃው ሲንፎለፎል ይሰማኛል እኮ።»

ልብስ ሰፊው ደንግጦ ጎማውን ከጀርባው ደበቀ።

«እሺ፣ አልሞተም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የእኔ ግን በስንዝር በልጦታል። እርስዎ ካላዩልኝ ማን ሊያይልኝ ነው?»