አያት፣ አባትና ልጅ በሒሳብ ሚዛን

መሥሪያ ቤት የሚከበረው በሚሠራው ሳይሆን በሚያጠናው መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ የአንድን የመሬት ቅየሳ ቢሮ ታላቅ ጥናት ስላልሰማ ነውና ይቅር ይባል።

ቢሮው ሦስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ነበሩት። እንደ ዕድሜያቸው አያት፣ አባትና ልጅ ይባላሉ። ከዋናው ቺፕ ጎን ተቀምጦ ከባድ ከባዱን ሒሳብ ብቻ የሚሠራ ረዳት ቺፕ፣ ማለትም ኮፕሮሰሰር፣ ሦስቱም እንዳላቸው በመዝገብ ሰፍሯል። የአያትየው ሰማንያ ሰማንያ ሰባት፣ የአባትየው ሁለት ሰማንያ ሰባት፣ የልጅየው ሦስት ሰማንያ ሰባት ይባላል። መዝገብ ደግሞ አይዋሽም፤ ማኅተም አለበት።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቦታ ጠቦናል። ስለዚህ ከሦስቱ ትውልዶች የላቀው ኮሚቴ ተቋቁሞ በሳይንሳዊ ንጽጽር ይመረጣል። የተሸነፉት ይጣላሉ።»

ቀያሿ ክው አለች። የጠማማውን መሬት ሁሉ ስፋት የምታሰላው በአያትየው ነው። አባትየው የጸሐፊዋ ነው፤ ልጅየው ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ይመስል ጨርቅ ለብሶ ኃላፊው ክፍል ይኖራል። አያትየው ከተጣለ፣ ካርታቸውን የሚጠብቁ መቶ አርባ ቤተሰቦች መሬት በእርሳስ ሊሰላ ነው። በእርሳስ ከሆነ ደግሞ ካርታውን የሚረከቡት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ማወዳደሩ ቀላል ነው» አለች። «አርባ ማዕዘን ያለው መሬት እንስጣቸውና ሰዓት እንያዝ።»

«አርባ ማዕዘን ለማን ይገባል? ኮሚቴው የሚለካው በሚገባው ነገር ነው!»

ኮሚቴው በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ለሁሉም የሚገባ መለኪያ አገኘ፦ የኃላፊው ንግግር። በጣቶቿ ፍጥነት «መትረየስ» የምትባለው ጸሐፊ ስምንቱን ገጽ በየተራ በሦስቱም ላይ ትተይባለች፤ ቶሎ ያለቀበት አሸናፊ ይሆናል።

«እንዴ! ትየባ እኮ ረዳት ቺፑን አይነካውም» አለች ቀያሿ። «እሱ ተኝቶ ነው የሚውለው።»

«በሥራ ሰዓት የሚተኛ ከሆነማ ድክመቱ ይመዝገብ» አሉ ኃላፊው። ተመዘገበ።

አያትየው በአርባ ስምንት ደቂቃ፣ አባትየው በአርባ አንድ፣ ልጅየው በሠላሳ ሦስት ጨረሱ። ቃለ ጉባኤው «የትውልድ ዕድገት በማያሻማ ሁኔታ ታይቷል» አለ። ተጨበጨበ። መትረየስ ግን ጣቶቿን እያሻሸች ወደ ቀያሿ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሦስተኛው ላይ እኮ ንግግሩን በቃሌ ይዤው ነበር።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቀያሿ ኃላፊው ክፍል ገባች፤ የልጅየውን ጨርቅ ገፈፈችና የአንድ ሰፈር ሒሳብ አቀረበችለት። አያትየው በአራት ደቂቃ የሚጨርሰውን፣ ወጣቱ አሸናፊ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲያለከልክ ቆየ። በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም እንደሚባለው፣ በተዘጋ ክዳንም ጥያቄ አይገባም፤ እሷ ግን ካቻቪቴ አምጥታ ከፈተችው። የረዳት ቺፑ መሰኪያ ወና ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ማንም አልተቀመጠበትም።

ኃላፊው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ከምሳ ተመለሱ።

«ጌታዬ፣ ባዶ ነው።»

ኃላፊው ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ባዶውን ነው ያሸነፈው?»

«አዎ።»

«ምንም ሳይኖረው?»

«ምንም።»

ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል። «ታዲያ ይህ ግኝት አይደለም እንዴ!»

ከሰዓት በኋላ ሰርኩላር ወጣ። «ረዳት ቺፕ የፍጥነት እንቅፋት መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ሁለቱ ተሸናፊዎች እስኪጣሉ ድረስ ከነቺፓቸው ዕቃ ግምጃ ቤት ይውረዱ። ያለፈቃድ ክዳን የከፈተችው ሠራተኛም እነሱን እየጠበቀች እንድትታረም አብራ ትውረድ።»

ቀያሿ እንደ ሐዘንተኛ አንገቷን ደፍታ ወረደች። በሩ ሲዘጋ ቀና ብላ ዞር ዞር አለች፤ መስኮት አለ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ፣ ስብሰባ የለም። አያትየውን በቀኝ፣ አባትየውን በግራ አስቀምጣ መሬቱን ታካፍላቸው ጀመር። በነገራችን ላይ፣ በሒሳብ አባትየው ከአያትየው እምብዛም አይሻልም ነበር፤ ይህን የሚያጠና ኮሚቴ ግን አልተቋቋመም።

በሦስተኛው ሳምንት መቶ አርባውም ካርታ አለቀ። የበላይ አካል በፍጥነቱ ተደንቆ ለቢሮው የምስጋና ወረቀት ላከ። ኃላፊው ወረቀቱን ልጅየው ግንባር ላይ ለጥፈው፣ እንደገና ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«ይህ ሁሉ የእሱ ውጤት ነው!» አሉ። «ውስጡ ምንም ሳይኖር እዚህ የደረሰ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መትረየስ እያጨበጨበች ወደ ቀያሿ ዘንበል አለች።

«ካቻቪቴሽን ይዘሻል?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«የእሳቸውንም ከፍተን እንድናይ።»

«ተይ እህቴ» አለች ቀያሿ፣ ማጨብጨቧን ሳታቋርጥ። «ደግሞ ግኝት ነው ይሉናል።»