የእትዬ ዘመዴ ዘመድ

በየትኛውም ሰፈር፣ ራሱ ታሞ የማያውቅ፣ የታመመ ዘመድ ግን የማያጣ አንድ ሰው አለ። ነርሶችና መድኃኒት ሻጮች በደንብ ያውቁታል። መስኮቱን ተደግፎ ግራ ቀኙን ያይና፣ «ለእኔ እንኳ አይደለም» ብሎ ይጀምራል።

የዚህ ወገን አለቃ አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰፈሩ «እትዬ ዘመዴ» ይላቸዋል። ይህን ሁሉ ጉድ ያየችው ደግሞ፣ ወደ ሰፈሩ ከመጣች ገና ጥቂት ወር የሆናት ጎረቤታቸው፣ የሰፈሩ ሆስፒታል ነርስ ናት።

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የሰፈሩን ማስክ የሚሰፉት እትዬ ዘመዴ ናቸው። ሰው ሲስል ከሰሙ የስፌት መኪናቸውን ቀጥ አድርገው፣ «ተነስ፣ ሂድ ታከም! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ይላሉ። አንዱን ግንበኛማ በመቀስ እያስፈራሩ እስከ ሆስፒታሉ በር ሸኝተውታል።

አንድ ቀን ነርሷን ከሥራ ስትመለስ አጥሩ ጋ ጠበቋት።

«ልጄ፣ አንዲት ዘመዴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ምን ትሁን?»

«ከወጣባት ስንት ጊዜ ሆነ፣ እትዬ?»

«ሦስት ወር። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነበር። አሁን የኮት ቁልፍ አህሏል።»

«ያማታል?»

«የመኪናውን ጎማ በእጇ ስታዞር ብቻ።»

«እሷም ልብስ ትሰፋለች?»

«ሳትሰፋ አትቀርም» አሉ እትዬ ዘመዴ፣ ወደ ሰማይ እያዩ።

ለነርሷ ገባት። አፍ አውጥታ «እርስዎ ነዎት» ብትል ግን ሴትዮዋ ከነዘመዳቸው ድራሻቸው እንደሚጠፋም ገባት። ስለዚህ እሷም «ዘመድዎ» ማለቱን መረጠች። ግን ነገሩ ከነከናት። ግንበኛ በመቀስ የሚያሳክሙ ሴት ለራሳቸው ሲሆን ምን ነካቸው?

«ለምን አትታከምም?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች። ዘመድየዋም በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት ነበራት። መጀመሪያ፣ «ደህና ገብታ ወረርሽኙን ተሸክማ እንዳትወጣ ነው።» ቀጥሎ፣ «ያቺን ሽጉጥ የምትመስል መለኪያ ግንባሯ ላይ ሲደግኑባት በድንጋጤ ብቻ ትኩሳት ይወጣባታል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሐኪሞቹ ሰው በሞትና በሕይወት መሃል ይዘው፣ እሷ በአንድ ቁልፍ ልታስቸግራቸው? ይሉኝታ አለባት እኮ።» ነርሷ ለሁሉም መልስ ሰጠች። እብጠቱ ግን መልስ አይሰማም፤ ያድጋል።

«በቃ፣ ቅዳሜ ዘመድዎን ሆስፒታል ይዘዋት ይምጡ» አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ እትዬ ዘመዴ ብቻቸውን መጡ።

«ዘመድዎስ?»

«መንገድ ላይ ናት። እስክትደርስ እኔ ልተኛላትና እዩኝ። ምን እንደሚደረግ አይቼ እነግራታለሁ።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው። ይተኙላት» አለች ነርሷ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ነገሩ አስቀድሞ የተነገራት ሐኪም ዳሰሰች፣ መልሳ ዳሰሰች። «ዘመድዎ ሳትውል ሳታድር እዚሁ ትተኛ። እብጠቱ ወጥቶ መመርመር አለበት። ከዚህ በላይ ብትቆይ ግን እኛንም ያስቸግረናል» ብላ ወጣች።

እትዬ ዘመዴ ቀሚሳቸውን ሊቆልፉ ሞከሩ። በመርፌ ቀዳዳ ክር በአንዴ የሚያሾልኩ እጆች፣ ቁልፉን ከቀዳዳው አሳቱት።

«ዘመዴ እኮ በሽታውን አይደለም የምትፈራው» አሉ ቀስ ብለው። «ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ባሏ ታሞ እዚህ ተኛ። በሩ ላይ ‹አስታማሚ አይገባም› አሏት። ትራሱን ማን ቀና እንዳደረገለት፣ ውኃ ማን እንዳቀመሰው አታውቅም። በስምንተኛው ቀን ጠርተው ልብሱን ሰጧት። እና እሷ... ብቻዋን መተኛቱን ነው የምትፈራው።»

ነርሷ ስንት ሳምንት ያሳደደችው መልስ ይህ ነበር። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ያልተቆለፈውንም ቁልፍ ቆለፈችላቸው።

«እንግዲያው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ» አለች። «አስታማሚ ይከለክላሉ እንጂ እኔን በር ላይ የሚመልሰኝ የለም። ፈረቃዬን እቀይራለሁ። ትራሷን ቀና የማደርገው እኔ ነኝ።»

«ታንኮራፋለች፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«እሱን በአጥሩ በኩል ለምጄዋለሁ።»

እትዬ ዘመዴ ቀና ብለው አዩዋት። ነርሷም ባዶ ካርድ አውጥታ፣ ዓይኗን ከካርዱ ሳትነቅል፣ «የታማሚዋ ስም ማን ልበል?» አለች።

ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስ ተናገሩ።